በስትሮ የሚያልፈው

«መንጋጋማ ይገጥማል፤ የማይገጥመው የተሰበረ ትዳር ነው» ሲል የሰማሁት የገዛ ልጄን ነው። አሻግሬ በረንዳው ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ ስልክ ያወራል፤ እኔ ከመስኮቱ ሥር፣ ወጥ ቤት ውስጥ ፓፓያ እልጣለሁ። «አይ፣ እሷ ምን ትላለች፣ አፏ ታስሮ የለ!» ብሎ ሳቅ አለ። የጭንቀት ሳቅ ነው፤ አውቀዋለሁ፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ሲጨንቀው ነው የሚስቀው። «እሺ ጋሽ ቀጀላ፣ ከሰዓት ይምጡ። እናቴን እኔ አናግራታለሁ» አለና ዘጋው። ቢላዋው እጄ ላይ ቆመ። ሲገባ ያናግረኛል ብዬ ጠበቅሁ። ገባ፤ ከሳህኑ አንድ ቁራጭ ፓፓያ አንሥቶ ጎረሰ፤ «ጣፋጭ ናት» አለኝና እያኘከ ቆመ። ሰው ሲያኝክ ማየት እንደዚያ ቀን አስጠልቶኝ አያውቅም። ከማን ጋር ታወራ ነበር ብዬ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አልነገረኝም። እኛ ቤት ከባድ ነገር የሚወራው በስልክ፣ ለሌላ ሰው ነው።

ታስሯል ያለው አፍ የልጁ የሩት አፍ ነው። እናቷ ጡት ሳታስጥላት ስለሞተች ያሳደግኋት እኔ ነኝ፤ እዚሁ አቃቂ፣ ከድሮው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ ባለቤቴ የባቡር ሠራተኛ ሳለ በገባንበት ቤት ውስጥ። አድጋ ቂሊንጦ ገባች፤ ቂሊንጦ ስል ሰው ሁሉ እስር ቤቱን ነው የሚያስበው፣ እሷ ግን የገባችው ልብስ ፋብሪካ ነው። የሠራተኛ ሰርቪስ የሚነዳውን ጌዲዮንን እዚያ አወቀችው፤ አገባችው፤ ዮዲን ወለደችለት። ከዚያ አንድ ቀን እራት ላይ መንጋጋዋን በቡጢ ሰበረው። ምን አድርጋው እንደሆነ ሲጠየቅ «ተናገረችኝ» ነው የሚለው፤ ሌላ ነገር አይጨምርም። ክስ እንመሥርት ስል አሻግሬ «የቤት ነገር በቤት ነው እማዬ፣ ከኋለኛዋ ሚስቴ የወለድኳቸው ታናናሽ እህቶቿ ገና አላገቡም፤ አንቺስ ነገ ብትሞቺ ማን ያኖራታል?» አለኝ። ያ ነገ ብትሞቺ የሚለው ውስጤ ገብቶ ቀረ። እውነቱን ነው፤ ነገ ልሞት እችላለሁ።

ሐኪሞቹ የላይኛውን ጥርሷን ከታችኛው ጋር በቀጭን ሽቦ ገጣጥመው አሰሩት። አጥንቱ እስኪገጥም አትከፍተውም፣ አታኝክም፣ አትናገርም፤ በስትሮ የሚያልፈውን ብቻ ትወስዳለች ተባልን። ስንወጣ ዶክተሩ ለብቻዬ ጠራኝ። «እናቴ፣ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ድንገት ቢያስመልሳት አፏ ስለማይከፈት ትታፈናለች። ሽቦ መቁረጫ ከአጠገቧ እንዳይለይ። እዚህና እዚህ ጋ ቆርጠው ይከፍቱላታል» ብሎ በራሱ ጥርስ ላይ አሳየኝ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የሚባል ነገር ተለይቶኛል። የባለቤቴን ፒንሳ ከመሣሪያ ሣጥኑ አወጣሁ፤ ዝገቱን በሎሚና በአመድ ፈተግሁ፤ ቀቀልኩት፤ በክር አሥሬ አንገቴ ላይ ከማተቤ ጋር አንጠለጠልኩት። ቤተ ክርስቲያን መሄድም ተውኩ። ቅዳሴው በድምፅ ማጉያ እቤት ድረስ ይመጣልኛል፤ እግዚአብሔር ይረዳኛል። ገላዬን ስታጠብ እንኳ በሩን ገርበብ አድርጌ የሩትን ትንፋሽ እያዳመጥሁ ነው።

ጭማቂ መሥራት አላውቅም ነበር። በእኛ ጊዜ ፍራፍሬ ተገምጦ ነው የሚበላው፤ ለታመመ ሰው አጥሚት አለ። አጥሚቱን ግን ሩት ጠላችው፤ «ሐዘን ሐዘን ይለኛል» ብላ በስልኳ ጻፈችልኝ። ያስተማረችኝ ጎረቤቴ ኡምሰልማ ናት። የወሎ ልጅ ናት፤ ከአስፋልቱ ዳር ጁስ ቤት ነበራት፤ መንገዱ ሲሰፋ ፈረሰባትና መፍጫዋ አልጋ ሥር ገብቶ ነበር። አቧራውን ጠርጋ ተሸክማው መጣች። «እማማ የሺ፣ ክዳኑን ይያዙት! በእጅዎ ይጫኑት!» ብላ ሳትጨርስ አዝራሩን ተጫንኩት፤ አቮካዶው ኮርኒስ ላይ ወጣ፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለው የባለቤቴ ፎቶ አረንጓዴ ጺም አበቀለ። ኡምሰልማ ወለሉ ላይ ቁጭ ብላ ሣቀች። «ወላሂ ጋሽዬ አሁን ነው ያማረባቸው!» ሩትም ልትስቅ ፈልጋ ሽቦው ያዛት፤ በአፍንጫዋ ሣቀች፤ እንባዋ ወረደ። እኔ ደግሞ ሳቅ ያስመልስ ይሆን ብዬ ፒንሳዬን ጨበጥኩ።

ከዚያ ወዲህ ተምሬያለሁ፤ ለማንም ጀማሪ ላስተምር እችላለሁ። ከፓፓያው ጥቁሩ ፍሬ አንድ እንኳ ከቀረ ተፈጭቶ ይመራል። የማንጎ ክር ስትሮ ይደፍናል፤ ስለዚህ በስስ ጨርቅ ይጠለላል። ዘይቱን ጨርሶ አይሞከርም፤ ፍሬው ጠጠር ነው። ውኃ ጠብ ጠብ እየተደረገ ነው፣ አንዴ ከቀጠነ መመለሻ የለውም። ሎሚ ጣዕሙን ያነሣዋል፤ ድዷ የቆሰለ ሰው ላይ ግን እሳት ነው፤ ያንን ሩት ዓይኗን ስትጨፍን ነው የተማርኩት። ሁሉም ደግሞ በጠዋት፣ መብራት ሳይሄድ። ፍራፍሬው ሳሪስ አቦ ይሻላል ይላሉ፤ እኔ ከእሷ ርቄ እዚያ ድረስ አልሄድም፤ በጋሪ የሚያዞረውን በር ላይ ቆሜ እጠብቃለሁ። አቮካዶ እንደ ሥጋ ተወዷል። እያንዳንዷን ጫን ጫን ሳደርጋት ሻጩ «እማማ፣ ዶሮ መሰለችዎ እንዴ?» ይለኛል።

የዚያን ቀን ፓፓያውን ከማንጎ ጋር ፈጭቼ፣ አጥልዬ፣ ወደ ጓዳ ይዤላት ገባሁ። ክፍሉ ያው የልጅነቷ ነው፤ ቀለሙ የተላላጠ ቁም ሣጥን፣ መጋረጃው ላይ ራሷ የሰፋችው ጥልፍ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣለች፤ ጉንጯ ላይ የነበረው ሰማያዊ ወደ ቢጫ ሄዷል። ስትሮውን በጎን በኩል፣ የኋላ ጥርሷ ጋ ባለው ክፍተት አስገብታ መሳብ ጀመረች። ብርጭቆውን በጥፍሯ ካንኳኳች ወደደችው ማለት ነው። አንኳኳች። ዝም ብዬ ልወጣ ነበር፤ አልቻልኩም። «አባትሽ ሽማግሌ ጠርቷል። ከሰዓት ይመጣሉ፤ ሊመልሱሽ» አልኳት። መሳቡን ተወች። ስትሮው ውስጥ ግማሽ ድረስ ወጥቶ የነበረው ጭማቂ ቀስ እያለ ወደ ብርጭቆው ወረደ። ስልኳን አነሣችና ጻፈች፤ ወደ እኔ አዞረችው። «ዮዲን ያመጧታል?» ይላል። ሆስፒታል ከገባች ጀምሮ ልጅቷን አላየቻትም፤ ጌዲዮን እናቱ ዘንድ ወስዷታል። «እኔንጃ ልጄ» አልኳት። ስለ መሄድና ስለ መቅረት ምንም አልጻፈችም።

ሳሎን ስመለስ አሻግሬ ወንበር ያስተካክላል። ከጎረቤት አንድ ወንበር ተውሶ አምጥቷል፤ ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወልውሎታል፤ ሰው ሲሞትብን እንኳ እንዲህ ቤት ሲያዘጋጅ አላየሁትም። «እንግዳ አለብን እንዴ?» አልኩት። «ጋሽ ቀጀላ ጎራ እላለሁ ብለውኝ ነው» አለ ጀርባውን ሰጥቶኝ። «ለምን?» አልኩት። «ለጥየቃ።» ልጄ ሽበት አውጥቷል፤ አሁንም ሲዋሽ የጆሮው ጫፍ ይቀላል። እሱ ወንበሮቹን ደግሞ ደጋግሞ አስተካከለ፤ እኔ ብርጭቆዎቹን ደግሜ ደጋግሜ አጠብኩ።

ከቀትር በኋላ መጡ። አቶ ቀጀላ የእድራችን ሊቀመንበር የነበሩ፣ ከዘራቸው ከእሳቸው ቀድማ የምትገባ ሰው ናቸው። ሁለት ሽማግሌዎች አስከትለዋል፤ በግራ እጃቸው ዮዲን ይዘዋል። ጌዲዮን ሚኒባሱ ውስጥ፣ ከበሩ ውጭ ቀርቷል፤ ወጉ ነው፣ በዳይ እስኪጠራ አይገባም። ጭማቂውን በጆግ አቀረብኩና ቀዳሁላቸው። ማንም አልነካም። እንደማይነኩ አውቃለሁ፤ ለዕርቅ የመጣ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል የቤቱን ነገር አይቀምስም፤ ከቀመሰ ጥያቄው ተሰማለት ማለት ነው። ሳልቀዳ ብቀር ነውር ነው፤ ከጠጡ ደግሞ ሩት ሄደች። የዚያን ቀን ተስፋዬ በሙሉ እነዚያ ብርጭቆዎች ላይ ነበር። ሳይነኩ ከተነሡ ልጄ ከእኔ ጋር ትቀራለች።

ስለ መንገዱ አወሩ፤ መቼ ይሆን የሚያልቀው ተባባሉ። ስለ ዝናቡ አወሩ። ቆርቆሮው በፀሐዩ ጠሽ ጠሽ ይላል፤ አንደኛው ሽማግሌ እየሳሉ ብርጭቆውን በዓይናቸው ይመለከቱታል። በመጨረሻ አቶ ቀጀላ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «እማማ የሺሐረግ፣ ልጁን ደግ ሠራህ አላልነውም። ወቅሰነዋል። ግን እንኳን ሰው፣ ምላስና ጥርስም ይጋጫል።»

«የእሷ እንኳ መጋጨቱ ቀርቷል» አልኩ፤ «ጥርሷን በሽቦ አስረውላታል።»

«እማዬ!» አለ አሻግሬ።

ዮዲ ከጉልበታቸው መሀል ሾልካ ወደ እኔ መጣችና ጆሮዬ ሥር «እማማ፣ ጠማኝ» አለች። ልጅ ናት፤ ከንፈሯ ደርቋል፤ መቼ ውኃ እንዳጠጧት እግዜር ይወቅ። ለአሻግሬ ቀድቼ የነበረውን ብርጭቆ አንሥቼ ሰጠኋት። እስከ ታች ጠጣችው፤ አፏ ዙሪያ ቢጫ ክብ ቀረ። አቶ ቀጀላ ከዘራቸውን ወለሉ ላይ ጠቅ አደረጉ። «ኧረ እማማ! ከእኛ ወገን ቀመሰ እኮ!» አሉ። ሽማግሌዎቹ ሣቁ። አሻግሬም ሣቀ፤ ይሄኛው የጭንቀት ሳቁ አልነበረም፤ የዕፎይታ ነው። «በቃ፣ እማዬ ፈቅዳለች። ጠጡ እንግዲህ» አለ።

«ሕፃን ናት የጠጣችው» አልኩ። «የጠጣችውም የእናቷን ነው። ሕፃን ወገን አለው እንዴ?»

«አለው እንጂ እማማ» አሉ አቶ ቀጀላ። ሳቃቸውን ሰብስበው፣ በለሰለሰ ድምፅ ነው ያሉት፤ ያዘኑልኝም ይመስለኛል። «ከአባቷ ጋር መጥታለች፤ ከአባቷ ጋር ትመለሳለች። የእናቷም ቤት ክፍት ነው። አልመጣም ካለች ልጅቷን ይዘን መሄዳችን ነው፤ ከዚያ በኋላ አምጡልን ብትሉን እኛ የለንበትም።» ልጄን አየሁት። አንድ ቃል ይበል ብዬ። ምንጣፉን ያያል፤ ጥግ ላይ የተተረተረችውን ክር በጫማው ጫፍ ይነካካል።

የጓዳው በር ተከፈተ። ሩት በነጠላ ራሷን ሸፍና ወጣች። ዮዲ ልትሮጥ ተነሣችና መሀል ላይ ቆመች፤ የእናቷን ፊት አጥንታ አጥንታ፣ «እማዬ፣ አፍሽን ማነው የቆለፈው?» አለች። ሦስቱ ሽማግሌዎች ሦስት ብርጭቆ ያያሉ። ሩት ወለሉ ላይ ተንበረከከች፤ ልጅቷን አቅፋ ፀጉሯን አሸተተች፤ በአፏ ዙሪያ ያለውን ቢጫ በአውራ ጣቷ ጠረገችላት። ከዚያ ስልኳን አውጥታ ጻፈች። ለአባቷ አላሳየችም፤ ለሽማግሌዎቹም አላሳየችም፤ ለእኔ ብቻ ነው ያዞረችው። «እዚያ ቤት ብቻዋን አልተዋትም።» ጮክ ብዬ አላነበብኩትም። ሩት ተነሥታ ወደ ጓዳ ተመለሰች፤ የቁም ሣጥኑ በር ሲጢጥ ሲል ተሰማን፤ ዕቃዋን እየከተተች ነው።

አቶ ቀጀላ ገባቸው። ብርጭቆአቸውን አነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። «አቤት ሲጣፍጥ!» አሉ። «እንዴት ነው የሚሠራው እማማ? ለእኛ ቤት ሰዎች ልንገራቸው» ብለው ጠየቁኝ። ሰው ሲጠይቀኝ መመለስ ልማዴ ነው፤ መለስኩላቸው። «ልጧ ይገፈፋል። ፍሬዋ ይወጣል። እስክትልም ትፈጫለች። አልፈጭም ያለ ነገር ከቀረ በጨርቅ ተጠልሎ ይጣላል።»

«ቀላል ነው ለካ» አሉ አቶ ቀጀላ።

ጌዲዮን ተጠራ። ጺሙን ተላጭቶ፣ ሽቶ ተቀብቶ ገባና ጎንበስ ብሎ ጉልበቴን ሳመ። «ይማሩኝ እማማ፤ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው።» ሽማግሌዎቹ «ይማሩት፣ ይማሩት» አሉ። እኔ ግን ያን ጊዜ የማስበው ስለ ምሕረት አልነበረም፤ ስለ ፒንሳው ነው። ሩት በእንቅልፏ ቢያስመልሳት ከጎኗ የሚተኛው እሱ ነው። ሌላ ሰው የለም። ክሩን ከአንገቴ ሳወልቅ ከማተቤ ጋር ተጠላልፎ አስቸገረኝ። «ስማኝ» አልኩት። «ቢያስመልሳት ወደ ጎን ታጋድማታለህ። ከፊት፣ ላይና ታቹን የሚያያይዙትን ሽቦዎች ትቆርጣለህ። እጅህ እንዳይንቀጠቀጥ፤ ድዷን እንዳትነካት። ጭማቂውን ስታጠልል ደግሞ…» «እሺ እማማ፣ እሺ» እያለ ቀኝ እጁን ዘረጋ። የጣቶቹን አንጓ አየሁት። ፒንሳውን መዳፉ ላይ አስቀመጥኩ፤ ጣቶቼ ግን አልተፈቱም። ሳብ አደረገ። ያዝኩ። ፈገግ ብሎ «ይልቀቁት እንጂ እማማ» አለኝ። ላለመልቀቅ ወስኜ አይደለም፤ እጄ ነው እንቢ ያለኝ።

«እኔም እሄዳለሁ» አልኩ።

«ወዴት?» አለ አሻግሬ።

«ልጅ ስትወልድ እናቷ ሄዳ ታርሳት የለ? ነውር ነው ያለ የለም። ይቺም እንደ አራስ ናት። ሽቦዋ እስኪፈታ እኔ አርሳታለሁ። ፒንሳው እኔ ጋ ነው።»

«በስተርጅና ቤትሽን ዘግተሽ አማች ቤት? ሰው ምን ይላል እማዬ?»

«ሰው የሚለውን ጠዋት በመስኮት ሰምቼዋለሁ» አልኩት።

የጆሮው ጫፍ ቀላ። አቶ ቀጀላ «ይሁን፣ ይሄም ደግ ነው» ብለው ቆመው መረቁን፤ እኛም አሜን አልን። ሁለት ቀሚስና አንድ ጋቢ በፌስታል ከተትኩ። ቁልፉን ለአሻግሬ ስሰጠው እጄን ያዝ አደረገኝ፤ ያዝ አድርጎ ቆየ። ይናገራል ብዬ ጠበቅሁ፤ የዚያን ዕለት ስንት ጊዜ ጠበቅሁት! «ጋዙን አጥፍተሻል?» አለኝ። «አጥፍቻለሁ» አልኩት።

ኡምሰልማ በር ላይ ቆማ ነበር። መፍጫዋን ልመልስላት ስዘረጋ ወደ ደረቴ መልሳ ገፋችው። «ይውሰዱት፤ እኔ ምን ልፈጭበት» አለች። ሩትን አየቻት፤ መሪው ላይ የተቀመጠውን ጌዲዮንን አየችው። መኪናው ሲነሣ በመስኮቱ በኩል ክንዴን ይዛ ትንሽ ተከተለች። «ክዳኑን ይያዙት እሺ እማማ? በእጅዎ ይጫኑት፣ እሺ?» እያለች አለቀሰች።

ከጌዲዮን ኋላ ተቀምጫለሁ፤ መፍጫው ጭኔ ላይ ነው። ሩት ከጎኔ ዮዲን አቅፋለች፤ የተረፈውን ጭማቂ በጠርሙስ ሞልቼ ስትሮ አድርጌላታለሁ። መንገዱ ጎድጓዳ ነው፤ ጌዲዮን ማርሽ ይቀያይራል። ቀኝ እጁ ብድግ ባለ ቁጥር የሩት ትከሻ ሽምቅቅ ይላል። እሱ አያይም። በመስታወቱ «ሩትዬ፣ መንገድ ላይ ፍራፍሬ ልግዛልሽ? ማንጎ ይሻልሻል አቮካዶ?» አለ። ጠበቀ። ደግሞ ጠየቃት። ከዚያ ዓይኑን ወደ እኔ መለሰና፣ ልቡ በእውነት የተከፋ ሰው ድምፅ አውጥቶ፣ «አኩርፋኛለች እንዴ እማማ? ምነው አትመልስልኝም?» አለኝ።

በነጠላዬ ሥር ፒንሳውን ጨበጥኩ። ሩት ስትሮውን አፏ ጋ አድርሳ ነበር፤ ጭማቂው ግማሽ ድረስ ወጣ። ጌዲዮን ማርሽ ቀየረ። ጭማቂው ወረደ።